«ዋጋ የለውም» የተባለው ዕቃ፦ ከአንድ የተበላሸ የኋላ ዝናብ መጥረጊያ የተነሳ ታሪክ

በዚህ ሐምሌ መጀመሪያ አንድ ጠዋት መኪናዬን ወደ ኋላ ከግቢ እያወጣሁ ሳለ ዘበኛችን በመዳፉ የመኪናዋን ጎን ደበደበው። ፍሬን ያዝኩ። ወርጄ ስዞር፣ ከኋላ ጎማዬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የጎረቤታችን የአምስት ዓመት ልጅ ቁጢጥ ብሎ ኩሬ ውስጥ የወረቀት ጀልባ ይገፋል። እሱ አላየኝም። እኔም አላየሁትም። የኋላ መስታወቴ በጭቃና በዝናብ ተለብጦ ግድግዳ ሆኗል።

የኋላው ዝናብ መጥረጊያ መሥራት ካቆመ ሁለት ክረምት አልፎታል። አውቅ ነበር። ማብሪያውን ስጫን ከኋላ በሩ ውስጥ የታፈነ እምምታ ይሰማል፣ ክንዱ ግን ንቅንቅ አይልም። አምና ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አሳይቻቸው ነበር፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ዋጋ የለውም። የፊቱ ይሥራ እንጂ የኋላው ለጌጥ ነው። ከፈለግህ ነቅለን ቀዳዳውን በሲልከን እንድፈነው» አሉኝ። እኔም ተስማማሁ። እንዲያውም ለማስደፈን እንኳ ሰነፍኩ።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ልሠራው ወሰንኩ። እንደ ልማዴ ደግሞ ዕቃውን ከመፍታቴ በፊት ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። ምን አገኘሁ መሰላችሁ? «ዋጋ የለውም» የሚለው ቃል ከዕቃው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። (ዓ.ም. ያልኩበት ቦታ የኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው በሙሉ የፈረንጆቹ።)

ነገሩ የሚጀምረው ኒውዮርክ ነው። በ1902 አካባቢ፣ በብርዱ ወቅት፣ ሜሪ አንደርሰን የምትባል የአላባማ ሴት ከተማዋን ልትጎበኝ ሄዳ ትራም ላይ ተሳፈረች። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ሹፌሩ በመስታወቱ ማየት ስላቃተው የፊቱን መስኮት ከፍቶ፣ በረዶው ፊቱን እየገረፈው ይነዳል። ተሳፋሪው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ማንም ምንም አይልም፣ የተለመደ ነገር ነዋ። ሜሪ ኢንጂነር አልነበረችም። ግን «ለምን ከውስጥ ሆኖ አይጠርገውም?» ብላ አሰበች። ወደ አገሯ ተመልሳ ንድፍ ሠራች፦ ሹፌሩ አጠገብ እጀታ፣ ከውጭ ጎማ የለበሰ ክንድ፣ ክንዱን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ የሚይዝ ስፕሪንግ። ኅዳር 10 ቀን 1903 ቁጥሩ 743,801 የሆነ የፈጠራ መብት ተሰጣት።

በ1905 መብቱን ልትሸጥ ለአንድ የካናዳ ድርጅት ጻፈች። መልሱ አጭር ነበር፤ ለመሸጥ የሚያበቃ የንግድ ዋጋ አናይበትም አሏት። በዘመኑ መኪና ጥቂት ነው፣ ፍጥነቱም ያው የጋሪ ነው፣ ብዙዎቹም የፊት መስታወት እንኳ የላቸውም። በ1920 መብቷ ጊዜው አለፈ። ከዚያ በኋላ ዕቃው ዓለምን አዳረሰ፤ እሷ ግን ከፈጠራው አንድ ሳንቲም ሳታገኝ በ1953 አረፈች። በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ላይ ስሟ የሰፈረው በ2011 ነው። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሜሪ ወረቀቷን ካገኘች ከአራት ዓመት በኋላ ነው መኪና አዲስ አበባ የገባው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር ሲድሊ የምትባል መኪና እየነዳና እያስጎተተ መጥቶ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ አደረሳት። ያኔ የዝናብ መጥረጊያ የትም አገር የተለመደ ነገር አልነበረም። የአዲስ አበባን ክረምት ለምናውቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ሹፌሮቻችን ሐምሌን እንዴት እንዳለፉት መገመት አያቅተንም።

እዚያው 1908 ላይ እንግሊዝ አገር ሌላ ሰው አለ። ግላድስተን አዳምስ ይባላል፣ የኒውካስል ሰው፣ ፎቶግራፍ አንሺ። ቡድኑ ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ለንደን ድረስ ነድቶ ሄደ። ኒውካስል በዎልቭስ 3 ለ 1 ተሸነፈ። መንገድ ላይ ደግሞ በረዶ ስለጣለ በየመሃሉ እየወረደ መስታወቱን በእጁ መጥረግ ነበረበት። ኳሱንም ተሸንፎ፣ እጁም ቀዝቅዞ ቤቱ ገባ። በ1911 የራሱን መጥረጊያ አስመዘገበ።

ሦስተኛው ታሪክ ነው እኔን ቀጥ ያደረገኝ። ቡፋሎ በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ፣ ጆን ኦይሼይ የሚባል ሰው በዝናብ ምሽት ሲነዳ አንድ ብስክሌተኛ ገጨ። ብስክሌተኛው በትንሽ ጉዳት ተረፈ። ኦይሼይ ግን ነገሩን ሊረሳው አልቻለም፤ መስታወቱ ላይ በነበረው ውሃ ሰውየውን ፈጽሞ አላየውም ነበር። ተነስቶ መጥረጊያ የሚሠራ ሰው ፈለገ፣ አገኘ፣ በ1917 ድርጅት አቋቋመ። ይህ ድርጅት በኋላ ትሪኮ በሚል ስም በዓለም ከታወቁት የመጥረጊያ አምራቾች አንዱ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፣ ከዚህ ሁሉ ፋብሪካ ጀርባ ያለው «አላየሁትም» የሚል አንድ የደነገጠ ሹፌር ነው። እኔ ያን ቀን ጠዋት ኩሬው ዳር ቆሜ ያልኩት ቃል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «እጅ ሳይነካው በምን ይሂድ?» ሆነ። በዚያው 1917 ሻርሎት ብሪጅውድ የምትባል ሴት በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በሚሽከረከር ጥቅልል የሚጠርግ መሣሪያ አስመዝግባ ነበር፤ ገበያ አላገኘላትም። በ1920ዎቹ ገበያውን የያዘው ሌላ ዘዴ ነው፦ ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶነት፣ ማለትም በቫኪዩም የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ። ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይበላም። ግን አንድ ጉድ አለው። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ቫኪዩሙ ይደክማል፣ መጥረጊያውም ይዝላል። ዳገት ላይ ጭራሽ ይቆማል። ጣርማበርን በጉምና በዝናብ እየወጣችሁ፣ ነዳጅ በረገጣችሁ መጠን መጥረጊያው እየሞተ ሲሄድ ይታያችሁ! በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ይህ ነገር እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቆይቷል።

ጀርመኖቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ቦሽ በ1926 በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ መጥረጊያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ያንተም የእኔም መኪና ላይ ያለው የዚህኛው ዘር ነው።

ሮበርት ከርንስን ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1953 በሠርጉ ሌሊት የሻምፓኝ ቡሽ ተወርውሮ ግራ ዓይኑን መታው፤ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ከዓመታት በኋላ በካፊያ ሲነዳ ያለማቋረጥ የሚመላለሰው መጥረጊያ የቀረውን ዓይኑን አስቸገረው። «ዓይን እኮ ዝም ብሎ አይርገበገብም፤ ጥቅሻ አድርጎ ያርፋል፣ ደግሞ ጥቅሻ ያደርጋል» ብሎ አሰበ። ጠርጎ፣ አረፍ ብሎ፣ ደግሞ የሚጠርገውን ዓይነት ሠርቶ በ1960ዎቹ ለመኪና አምራቾች አሳየ። እነሱ ያለ እሱ ማምረት ጀመሩ። ከሰሳቸው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጠበቃ፣ ራሱ እየተከራከረ፣ ዕድሜውን ፍርድ ቤት ጨረሰ። በ1990 ከፎርድ 10.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ቆይቶም ከክራይስለር ወለዱን ጨምሮ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ትዳሩ ግን በመሃል ፈረሰ። በ2008 ሕይወቱ ፊልም ሆኗል፤ እሱ በ2005 አርፎ ነበርና አላየውም።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ታሪክ የፊት መስታወት ነው። የኋላውስ?

የኋላው በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው እየተስፋፋ የመጣው፤ ከቀደምቶቹ መካከል የቮልቮ 145 ስቴሽን ይጠቀሳል። ከዚያ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ትንንሽ መኪኖች ሲበዙ የኋላ መጥረጊያም አብሮ በዛ።

ለምን እነሱ ላይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ረጅም ኮፈን ከኋላ ያላት መኪና ስትሄድ አየሩ ከጣሪያው ላይ በመስታወቱ ተንሸራቶ በኮፈኑ በኩል ይወጣል፤ መስታወቱን በመጠኑም ቢሆን ያጸዳዋል። ጀርባዋ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ መኪና ግን ከኋላዋ አየር የጎደለበት ክፍተት ትፈጥራለች። ያ ክፍተት ጎማዎቹ የሚረጩትን ጭቃና የውሃ ብናኝ ወደ ላይ ይስብና መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል። ዝናብ ባይዘንብም መንገዱ እርጥብ ከሆነ ይበቃል። በጋ ላይ ደግሞ አቧራውን። እና ያ የኋላ መጥረጊያ ለጌጥ የተሰካ አይደለም፤ የመኪናዋ ቅርፅ ራሱ የሚያመጣው ችግር መድኃኒት ነው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ለምንስ ሲበላሽ ማንም አይሠራውም? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። የፊቱ መጥረጊያ የሚያተርፈው ሹፌሩን ነው። ሲበላሽ መንዳት ስለማትችል ያኑኑ ቀን ጋራዥ ትሄዳለህ። የኋላው የሚያተርፈው ከኋላ ያለውን ሰው ነው። እሱ ደግሞ ጋራዥ ሄዶ «አሠሩልኝ» አይልም፤ የአንተ መጥረጊያ መበላሸቱን እንኳ አያውቅም። ኩሬው ውስጥ ጀልባ እየገፋ ነው።

የኛን አገር ነገር ደግሞ ጨምሩበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ደግም ይሁን ክፉ፣ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ኋላ ማሳያ ካሜራ የላቸውም። ያላቸው መስታወትና ስፖኪዮ ነው። ስለዚህ ያው የተናቀው መጥረጊያ ነው ዓይናቸው።

እሺ፣ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ደውዬ የተፈታ ሞተር ዋጋ ጠየቅኩ፤ ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የቡሎን መፍቻ ይዤ ተቀመጥኩ። ለምትሞክሩት በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ደህና ከሆነ፣ በኋላ በሩ ማጠፊያ በኩል የሚያልፈውን የጎማ ቱቦ ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን ተመልከቱ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ። ሃያ ዓመት የታጠፈ ሽቦ ደግሞ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። ሞተር ሞተ ተብሎ ስንቱ ተቀይሯል፣ የተበጠሰችው አንዲት ሽቦ ሆና ሳለ! ቀጥሎ የሞተሩን ሶኬት ነቅላችሁ በቴስተር መብራት ሞክሩ። ማብሪያው ሲበራ ቴስተሩ ከበራ ኤሌክትሪኩ ይደርሳል፤ ችግሩ ሞተሩ ነው። የኔ በራ። ደግሞም እምምታው ራሱ ይናገራል፦ ኤሌክትሪክ አለ፣ ጉልበት አለ፣ የሆነ ነገር ግን አንቆ ይዞታል። እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ማብሪያውን ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት፤ ሞተሩ ግሎ ይቃጠላል።

ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ አላቁ። ክንዱ መስታወቱ ላይ ያረፈበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። የክንዱን ዳዶ ፈትታችሁ ክንዱ እምቢ ካለ፣ በመስታወቱ ተደግፋችሁ በካቻቢቴ እንዳትፈነቅሉት፤ መስታወቱ ይሄዳል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭታችሁ፣ ታግሳችሁ፣ ግራ ቀኝ አወዛውዙት። ከዚያ በውስጥ በኩል የበሩን ልባስ አንሥታችሁ ሞተሩን የያዙትን ቡሎኖች ፍቱ። ጎሚኒዎቹንና ሮንዴላዎቹን በተርታ አስቀምጡ፣ ስትመልሱ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ሞተሩ ሲከፈት ያ ሁሉ ታሪክ መዳፌ ላይ ሆነ። ማግኔት የከበበው ትንሽ የ12 ቮልት ሞተር ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያቀብሉት ካርቦኖች ናቸው። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠመዘዘ ነው፤ እሱ ሰፊ የፕላስቲክ ጥርስ ያዞራል። በዚህ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ክንድ ዙሩን ወደ ምልልስ ትቀይረዋለች። የሜሪ እጀታ ማለት ነው፣ እጅ የሌለው። ፕላስቲኩ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ የተቋረጠ የመዳብ ቀለበት አለ። ማብሪያውን ብታጠፉትም መጥረጊያው መሃል መስታወት ላይ የማይቆመው በዚህ ነው፤ ቀለበቱ የተቋረጠበት ቦታ እስኪደርስ ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ እዚያ ሲደርስ ያርፋል።

የኔ በሽታ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ክንዱን የምትሸከመው የብረት ዘንግ በአሉሚኒየም ቤት ውስጥ አልፋ ወደ ውጭ ትወጣለች። አፏ ላይ ውሃ የሚከለክል ትንሽ የጎማ ቀለበት አለ። ያቺ ቀለበት አርጅታ ተሰነጠቀች፤ ውሃ ገባ፤ ግሪሱ ደርቆ እንደ ሰም ሆነ፤ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት አወጣና ዘንጓን አንቆ ያዛት። ውሃን ለመጥረግ የተሠራ ዕቃ በውሃ ተያዘ። ክረምቱን ሙሉ የሞተሩ ጥፋት ይመስለኝ ነበር፤ ሞተሩማ ምስኪን ሲታገል ነው የኖረው።

ሌሊቱን ዘይት ውስጥ አሳደርኳት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንጨት ደግፌ በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁ። በስንት መከራ ወጣች። ዘንጓንና ቀዳዳውን በለሰለሰ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ አዲስ ግሪስ ቀባሁ፣ ልክክ የሚል አዲስ የጎማ ቀለበት አስገባሁ፣ መዳቡንም ወለወልኩ። ስትገጥሙ አንድ ነገር አትርሱ፦ ክንዱን ከማሰራችሁ በፊት ሞተሩን አንዴ አብርታችሁ አጥፉት፣ ማረፊያው ላይ ይቁም። ከዚያ በኋላ ነው ክንዱን በፕላስተሩ ምልክት ላይ የምታሥሩት። አለበለዚያ መጥረጊያው ከመስታወቱ ወጥቶ በሩን ይፍቃል። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት የቀለበቷንና የግሪሱን ዋጋ ብቻ ነው።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ሄደ፣ ተመለሰ። ጭቃው መሃል የማራገቢያ ቅርፅ ያለው ንጹህ ቦታ ወጣ። በዚያ በኩል ግቢያችን ታየኝ፦ ኩሬው፣ ዘበኛው፣ በሩ ላይ ተሰቅሎ የሚወዛወዘው ያው ልጅ።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ሄድኩና የልጁን ነገር ነገርኳቸው። ሲልከኑን አላነሳሁባቸውም። እሳቸው ግን ያስታውሳሉ። ዝም ብለው ቆዩና ወደ ራሳቸው አሮጌ መኪና ጀርባ ዞር ብለው አዩ። «የኔም እኮ ከቆመ ቆይቷል» አሉኝ። «እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ና፣ አብረን እንፈታዋለን።»

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከመኪናችሁ ስትወርዱ አንዴ ወደ ኋላ ዞራችሁ መስታወታችሁን እዩት። የሠራችሁ ካላችሁ ያጋጠማችሁን ከታች ጻፉልን፤ ላልሠራነው ይጠቅመናል። መልካም ቀሪ ክረምት።